ለእናቴ የሠራሁት የበርሜል ምድጃ

እናቴ በሚያዝያ መጨረሻ ጉልበቷን ልትታከም ከደጋ ወደ ጎንደር ወረደች፤ እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ እንዳትመለስ ቆርጬ ነበር። ያለፈው ዓመት፣ ከዳባት ወዲያ ካለው ኮረብታ ላይ ብቻዋን በምትኖርበት ቤት ደጃፍ ወድቃ፣ አንድ ጎረቤት የጠፋ በግ ሲፈልግ ብቅ እስኪል ድረስ ከጠዋት እስከ ቀትር ተጋድማለች። ይህንን የነገረኝ በጉ የጠፋበት ሰውዬ ነው። እሷማ ስጠይቃት «ትንሽ አረፍ ብዬ ነበር» ነው ያለችኝ።

ሐኪሙ ዳገት አትውጪ፣ ብርድም አይምታሽ አላት። በጨዋ ደንብ አዳመጠችው፤ መረቀችው። ከግቢው ስንወጣ «ሸጋ ልጅ ነው» አለችና ወዲያው ከሰኔ ሚካኤል ማግስት እንደምትሄድ ነገረችኝ። ምነው ብላት «ቤትሽ ይበርዳል» አለች።

እኔ ሰው ያለኝን እንዳለ የምቀበል ሴት ነኝ። ይበርዳል ካለች ይበርዳል። ደግሞም እውነቷን ነው። ደጋው ከጎንደር ይልቅ ብርዳም ነው፤ ግን እዚያ ቤቱ መሃል እሳት አለ፤ ብርዱ ደጅ ነው የሚያድረው። የኔ ቤት የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለል ነው፤ ክረምት ሲገባ ብርዱም አብሮን ይገባል። ከሰል ቤት ውስጥ አላጤስም፤ በኛ ሰፈር ባልና ሚስት በር ዘግተው በከሰል ታፍነው ሲወጡ አይቻለሁ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንዳልገዛ፣ መብራቱ በሳምንት ስንቴ እንደሚጠፋ እዚህ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ሳሎኑ ውስጥ ጭሱ በቧንቧ የሚወጣ ምድጃ ልሠራ፣ ሳሎኑንም በምድጃው ዙሪያ እንደ አዲስ ላበጀው አሰብኩ። እስከ ሰኔ ሚካኤል ስድስት ሳምንት ገደማ ነበረኝ።

ሳሎን እላለሁ እንጂ ሳሎን አልነበረም። የጤፍ ጆንያ፣ የተሰበረ ብስክሌት፣ የማይሠራ ቴሌቪዥን፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጎማ። ቤቱ ውስጥ ቦታ ያጣ ሁሉ የሚወረወርበት ክፍል ነበር። እኔ የምሠራው እንግዳ ማረፊያ ውስጥ አንሶላ በማጠብ ነው። እንግዳው ቢቀንስም አንሶላው አልቀነሰም፤ ወይም ለኔ እንደዚያ ይመስለኛል። ማታ ቤት ስደርስ ጣቶቼ አብጠው ቁልፍ ማዞር ያቅተኛል። በነዚያ ጣቶች ነው ሳሎን የማድሰው።

በዚህ ላይ እናቴ በዓል ታስከብራለች። እኔ እረፍት የማገኘው ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ነው። እሑድስ እሑድ ነው። ቅዳሜም በእሷ ዘንድ ሰንበት ስለሆነ አፈር አይቆፈርም፣ ሚስማር አይመታም። በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ሰባት መድኃኔዓለም። መዶሻ ባነሳሁ ቁጥር ካለችበት ሆና ቀኑን ትጠራልኛለች። አንድ ቀን መርፌ ይዤ ለኮርኒስ የሚሆን ከረጢት ልሰፋ ስል መርፌም ሥራ ነው አለችኝ። ታዲያ ምን ልሥራ ብላት፣ «አርፈሽ ተቀመጪ፤ አንቺንም ሰው ያድርግሽ» አለች። ተቀመጥኩ። መቀመጡ ራሱ አልሆነልኝም፤ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነበር።

የቀሩኝ ከሥራ መልስ ያሉት የማምሻ ሰዓቶች ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጋዜጣ ወረቀት ላጥኩ። ድሮ ቤቱን ስንይዘው የለጠፍኩት እኔው ነኝ፤ በየዓመቱ በላዩ ላይ ደርቤበታለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከዚያ ግድግዳ ላይ፣ ልጅ እያጠባሁ፣ ያወቅኩትን ፊደል ካላወቅኩት ጋር እያያያዝኩ ነው። ከምንጣፉ አጠገብ የነበረውን የጋዜጣ ዓምድ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ስለ ቡና ተክል በሽታ ነው። እየላጥኩ ላነብ እየተቀመጥኩ ብዙ ማምሻ ባከነብኝ። ከዚያ ኖራ በጥብጬ፣ እጅ እንዳያነጣ ጨው ጨምሬበት፣ ሁለት እጅ ቀባሁት። ክፍሉ ሲነጣ የወለሉ ጉድፍ ጎልቶ ታየ። ቤት ማደስ እንዲህ ነው፤ አንዱን ስታስተካክይው ጎረቤቱን ታሳጪዋለሽ።

ለምድጃው ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ብረት የሚሸጡና የሚበይዱ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ ነጋዴ የሆኑ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ የሚላቸው ሰው ናቸው። ያረጀ የዘይት በርሜል ከግማሹ ቆርጠው በርና ጭስ ማውጫ እንዲያበጁልኝ ስጠይቃቸው ዳቦ ልጋግር እንደሆነ ጠየቁኝ። እናቴን ላሞቅበት ነው አልኳቸው።

«ከየት ናት እናትሽ?»

«ከዳባት ወዲያ ናት፣ ሐጂ።»

«የዳባት ሰው በርሜል ያሞቀዋል?» አሉና ሳቁ። ቢሆንም አሳምረው ሠሩት። ሲያስረክቡኝ ግን አንድ ነገር አጠበቁብኝ፤ ብረቱን ባዶውን እንዳልተወው። «ብረት ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይረሳል። እስከ ወገቡ ጭቃ አልብሺው፤ ጭቃ የተቀበለውን ያቆያል።»

በርሜሉን በጋሪ አስመጣሁ። ጣሪያው ስር ኮርኒስ አልነበረም፤ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶች ፈትቼ፣ አጥቤ፣ አንዱን ካንዱ ሰፍቼ ወጠርኩና በኖራ ነጭ አደረግኩት። የጭስ ማውጫው በሚያልፍበት ሰፋ አድርጌ ቀደድኩና ዙሪያውን በቆርቆሮ ከበብኩት። ከተጣሉ የሣጥን እንጨቶች ሁለት መቀመጫ በምድጃው ግራና ቀኝ ሠራሁ፤ በጭድ የሞላሁትን ፍራሽ የእንግዳ ማረፊያው በጣለው መጋረጃ ለበጥኩት። የወለሉን ላስቲክ ምንጣፍ ከምድጃው ዙሪያ ቆርጬ አነሳሁና በምትኩ ድንጋይ ደረደርኩ። አንዷ መቀመጫ ስትቀመጪባት ትንሽ ታዘማለች፤ እስካሁንም አላቃናኋት።

እናቴ ይህን ሁሉ ስትመለከት አትረዳም፣ አትከለክልም። ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥታ በሰሜን በኩል ሰማዩን ታያለች፤ ከደጋው የመጣ ሰው መንገድ ላይ ካገኘች ዘንቧል ወይ ብላ ትጠይቃለች። ለእርሻው ያሰበች መሰለኝ። ሳንጃ ሰሊጥ የሚነግደው ወንድሜ ደውሎ፣ እሱ ዘንድ ቆላ ስለሆነ ብርድ የሚባል ነገር እንደሌለ ነገራት። «ወባውስ?» አለችው፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

የቀረኝ ጭቃው ነበር። ሰኔ ሚካኤል አምስት ቀን ቀርቶታል። ጭቃ ከጭድና ከእበት ጋር ተቦክቶ ቢያንስ ሳምንት ማደር እንዳለበት አውቃለሁ፤ ልጅ ሆኜ በእግሬ ስረግጥ ነው ያደግኩት። ሳምንት ግን የለኝም። ቀዩን አፈር ከጭድ ጋር ሁለት ቀን አቡክቼ በርሜሉን እስከ ወገቡ መረግኩት። የመጨረሻውን ልስን፣ ያንን እንደ ሰሌዳ የሚለሰልሰውን፣ በእበትና በአመድ ልለቀልቀው ስል እበት ማግኘቱ ቀላል ሆነልኝ። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ሦስት የፈረንጅ ላሞች አሏት፤ እበቱን የምትጥልበት አጥታ ስትጨነቅ ነው የምትኖረው። ሁለት ባልዲ ሰጠችኝ። ለቀለቅኩት። አመዱ ግራጫ ቀለም ሰጠው፤ በጣቴ ዙሪያውን የሐረግ ጌጥ ጫርኩበት። ደርቆ ሳየው ድካሜን ለአፍታ ረሳሁት።

በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ፣ ገና ፀሐይ ሳለች፣ እናቴን መቀመጫው ላይ አስቀምጬ እሳቱን ለኮስኩት። ጎረቤቴም ለማየት መጥታለች። ባሕር ዛፉ ተያያዘ፤ ቧንቧው ጭሱን ሳበው፤ ቤቱ ውስጥ አንዲት ዘለላ ጭስ አልቀረችም። ሙቀቱ ጉልበታችን ላይ ደረሰ። እናቴ እጇን ዘረጋች። እኔ ዓይኔ እሷ ላይ ነበር።

ከዚያ ልስኑ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጣ፤ ቀጥሎ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተነስቶ ወደቀ። አንዱ ቁራሽ አዲሱ መቀመጫ ላይ አረፈ። ሌላው ተከተለው። ሐረጌ እየተገመሰ ወረደ። ሽታው ደግሞ የእበት ሽታ አልነበረም፤ የጠላ ቤት ወለል ሽታ ነው።

እናቴ የወደቀውን ቁራሽ አንስታ በጣቷ ፈረከሰችው፤ አሸተተችው።

«ይቺ ላም ምን ትበላለች?» አለች ወደ ጎረቤቴ ዞራ።

«አተላና ፋጉሎ ነዋ፣ እማማ። ሣር በዚህ ከተማ የት ይገኛል?»

«ላሚቱ ሰክራ ነዋ የለቀለቀችው፤ ምን ታድርግ» አለች እናቴ።

ጎረቤቴ እስክትንፈራፈር ሳቀች። እኔም መሳቅ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም። እናቴ ቁራሹን አፍንጫዬ ስር አምጥታ አሳየችኝ። ሣርና ገለባ የበላች ላም እበት ውስጥ ክር አለ፤ ሳያቋርጥ የሚይዘው ያ ክር ነው። ይኼ ክር የለውም፤ ዱቄት ነው። በሃያ ምናምን ዓመት የከተማ ኑሮ እበት ሁሉ አንድ መስሎኝ ኖሯል። የላሟን አፍ ሳላይ ከጅራቷ ተቀበልኩ።

ጎረቤቴ ስትሄድ ሁለታችን ቀረን። ምድጃው የታችኛው ጭቃ ተገልጦ እየነደደ ነው። እናቴ ቀና ብላ ቧንቧው ኮርኒሱን የበሳበትን ቦታ አየች።

«ጭሱን ሁሉ ወደ ውጭ ነው የሚጥለው?»

«አዎ እማ፤ ዓይንሽን እንዳይፈጅሽ ነው።»

እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሰች። «የኔ ቤት ጭስ ካጣ ይኸው ወር ተኩል ሊሞላው ነው» አለች።

አልገባኝም ነበር። ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደምታስረዳ፣ አስረዳችኝ። የእሷ ቤት ሣር ክዳን ነው። ጎረቤቶቿ አብዛኞቹ ቆርቆሮ አልብሰዋል፤ የእሷ ግን አባቴ የከደነው ነው። ሣር ክዳን በየቀኑ ካልታጠነ ዝናብ ሲጠግብ ይበሰብሳል፤ ነቀዝና ምስጥ ማገሩን ይበላዋል፤ ጭስ ያላየ ቤት አንድ ክረምት አይሻገርም። ሰማዩን የምታየው፣ ዘንቧል ወይ የምትለው ለእርሻው አልነበረም።

«ታዲያ ምነው ብርድ ነው አልሽኝ?»

«ይበርዳልም።»

«እማ፣ እኔ እኮ ስድስት ሳምንት ሙሉ...»

«አየሁሽ። ሸጋ አድርገሽዋል። እኔ ቤቱን ምን ላድርገው? ይፍረስ?»

ይፍረስ ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ የተወለድኩበት ቤት ነው፤ ግን በዚያ ሰዓት ከዚያ ደጃፍ ላይ ተጋድማ የዋለችበት ቀን ብቻ ነበር የሚታየኝ። ወድቀሽ ብትሞቺስ አልኳት።

«ቤቴ ወድቆ እኔ ብኖርስ?» አለች።

የቀረውን እንጨት ጨመርኩበት። ማገዶውን ጨረስነው። እኔ የወደቀውን ልስን ጠራርጌ በባልዲ ወደ ውጭ አወጣሁ፤ ወገቤ አልቃና ብሎኝ አጥሩን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። የቤቱን ነገር ልጠይቃት አንድም ቀን አለማሰቤ፣ ይህ ነው ያደከመኝ። ስድስት ሳምንት ስለፋ እሳት ያጣው ቤት ሌላ ነበር።

ከበዓሉ ማግስት ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ስትነሳ፣ እበት ላመጣልሽ ነው አለችኝ። ሣር የበላች ላም እበትና የገዛ ምድጃዋን አመድ ይዛ በሦስት ቀን እንደምትመለስ ነገረችኝ። ፊቷን ትክ ብዬ አየሁት። እናቴ ስትዋሽ አይታወቅባትም፤ ወድቃም «አረፍ ብዬ ነበር» ያለች ሴት ናት። አብሬያት ልሂድ ብል ከሥራ ልባረር ነው፤ ልከልክላት ብል የማን እናት ናት የምከለክላት። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል፣ በርሜሉን ዝናብ እንዳያገኘው ከቧንቧው ጫፍ ላይ ክዳን አድርጊበት አለችኝ። ይህንን የምትለው ልትመለስ ስላሰበች ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩ። የቤት ነገር የማታውቅ ልጅ ትታ የምትሄድ እናትም እንዲሁ ትላለች።

ሦስት ቀን አለፈ። መንገዱ በዚያ ሰሞን ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ነበር። ስልክ አይገባም። አራት፣ አምስት። እንግዳ ማረፊያው ውስጥ አንሶላ እየጨመቅኩ ሰማዩን በሰሜን በኩል ማየት ጀመርኩ፤ ጠቁሯል። ወንድሜ ከሳንጃ ደውሎ፣ ትልቅ ሰው ናት ተያት፣ ልቧ ያለበት ትኑር አለኝ። ለሱ ማለት ቀላል ነው፤ የበጉን ባለቤት ያናገርኩት እኔ ነኝ። ማታ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጬ በርሜሉን አየዋለሁ። ከወገቡ በታች ያለው ጭቃ ተርፏል፤ ልስኑ ግን በቦታ በቦታ ተላልጦ የታመመ ውሻ መስሏል። እሳት አላነደድኩም። ለማን?

በስምንተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ በሩ ክፍት ነው። እናቴ ወለሉ ላይ፣ የታመመ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ፣ እጇን እስከ ክርኗ ባልዲ ውስጥ ከትታ ታቦካለች። አጠገቧ በላስቲክ የተጠቀለለ ጆንያ አለ። ቤቱ የላም በረት፣ የሣር ሽታ ይሸታል።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን ሳታወጣ ታወራኝ ጀመር። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ መስኮት ክፈቱ እያለ ሲረግማት መጥቷል። አንድ ኬላ ላይ ፈታሾች ጆንያው ውስጥ ምንድን ነው አሏት፤ እበት ነው አለቻቸው። ከደጋ እስከ ጎንደር እበት የሚጭን ሰው አይተው ስለማያውቁ አላመኗትም፤ አንዱ እጁን ከተተ። «አውጥቶ ሲያየው፣ እማማ ሂጂ አለኝ። እጁን የሚታጠብበት ውሃ እንኳ አልነበረውም፣ ምስኪኑ» አለች፤ ከልቧ አዝናለት ነበር።

«ቤቱስ?» አልኳት።

የእህቷ የልጅ ልጅ ባለፈው ጥር ተድራ ከአማቾቿ ጋር ተጨናንቃ ነበር የምትኖረው። እሷንና ባሏን አስገብታቸዋለች። የራሳቸውን እስኪሠሩ ይኖሩበታል፤ ጠዋትና ማታ ያነዱበታል። የዘገየችው ሣሩ ከአንድ ወገን ስለላላ ባልየው እስኪጠግነው ቆማ እያሳየችው ነው።

«ሰጠሻቸው?»

«ምን በወጣኝ። ጭስ አዋሱኝ፤ ማደሪያ አዋስኳቸው።»

ስንት ጊዜ ልትቆይ እንዳሰበች አልጠየቅኳትም። ክረምቱን አለች በራሷ ጊዜ፤ ከክረምት በኋላ ያለውን አላነሳችም። ልረዳት እጄን ባልዲው ውስጥ ልከት ስል ጣቶቼን አየችና በክርኗ ገፋችኝ። «ሂጂ ጋደም በይ። አንቺ ስትለቀልቂ አይተናል።» የምታዘመው መቀመጫ ላይ ጋደም አልኩ። እጇ በርሜሉ ላይ ሲሄድ፣ ሲመለስ፣ ሲሄድ እሰማው ነበር። እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

ሐረጉን አልመለሰችልኝም፤ ልስኑን ልሙጥ አድርጋ ተወችው። ሳምንት ሙሉ እሳት እንዳይነካው ከለከለችኝ፤ ያንን ሳምንት ጋቢ ደርበን በብርድ ተቀመጥን። ከዚያ ለኮስነው። አልተሰነጠቀም። ጉልበቷም ሙቀቱን ወዶታል።

አሁን ክረምቱ መሃል ላይ ነን። ማታ እሳቱ ሲያያዝ እናቴ ስልኬን በዓይኗ ትፈልጋለች። ደውይና ጠይቂልኝ፣ አነደዱ ወይ፣ ትለኛለች። በየማታው። ከሥራ መጥቼ ቁጭ እንዳልኩ። አንዳንድ ቀን ስልኩ ይገባል፤ ልጅቷ አንድደናል እማማ ትላለች፤ እናቴ ትመርቃታለች። አብዛኛውን ቀን አይገባም። ያኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ እሺ፣ እሺ፣ እላለሁ፤ ዝም ባለው ስልክ ውስጥ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ።

«አነደዱ?»

«አንድደዋል።»

«ዝናቡስ?»

«ቀለል ብሏል አሉ።»

እጇን ወደ እሳቱ ትዘረጋለች። እኔ ስልኩን አስቀምጬ ማገዶ እጨምራለሁ።